ድምፅ ለሌላቸው አባቴ ማይክሮፎን ስላቀረቡላቸው

ለክቡር ዶክተር ሕዝቅኤል
የዲጂታል ይዘት እውነተኛነት ማረጋገጫ ማዕከል ዋና ኃላፊ
ባሕር ዳር

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ፣ ለቤተሰብዎ ሰላም፣ በተለይም ለጉሮሮዎ ደኅንነት ያለኝን ልባዊ ምኞት በታላቅ ትሕትና አቀርባለሁ። ጉሮሮዎን ለይቼ ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። በማዕከልዎ ደንብ መሠረት ሰው መሆን የሚረጋገጠው በእሱ በኩል መሆኑን በዚህ ወር ስለ ተረዳሁ፣ እርስዎን የመሰለ ትልቅ ሰው ጉንፋን እንኳ እንዲይዘው አልመኝም።

እኔ መቅደላዊት ወልደ ጻድቅ እባላለሁ። በዚሁ ከተማ በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የጥራት ቁጥጥር ሠራተኛ ነኝ። አባቴ የኔታ ወልደ ጻድቅ በዘጌ ለሃምሳ አንድ ዓመት ድጓ ያስተማሩ የዜማ መምህር ናቸው። ባለፈው የካቲት ሐኪሞች በጉሮሯቸው የበቀለውን ዕጢ ሲያወጡ ማንቁርታቸውንም አብረው አወጡት። ይህ እንደሚሆን አስቀድሞ ተነግሮን ስለ ነበር፣ ከኅዳር እስከ ጥር ደቀ መዝሙራቸው ዲያቆን ፍሬ ስብሐት በየዕለቱ፣ እኔም ቅዳሜና እሑድ በጀልባ እየተሻገርሁ፣ ትምህርታቸውን በስልክ ቀዳን። ስድሳ ሦስት ሰዓት ሆነ። ከእነዚያ ስድሳ ሦስት ሰዓታት ውጭ የአባቴ ድምፅ ዛሬ በምድር ላይ የለም።

ማዕከልዎ ይህንን ቅጂ «በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተፈበረከ ሐሰተኛ ይዘት» ብሎ ፈርጆ፣ ሐምሌ ዐሥር ቀን ከነሚሞሪ ካርዱ እንደሚያስወግደው በማኅተም በተረጋገጠ ደብዳቤ አስታውቆናል። ጊዜው ጥቂት ስለ ሆነ፣ ለተደረገልን መስተንግዶ ያለኝን ምስጋና በተራ ቁጥር ከዚህ በታች አቀርባለሁ።

1ኛ. በመጀመሪያ ስለ ጥሪዎ አመሰግናለሁ። በመጋቢት ወር ማዕከልዎ የእውነተኛነት አረንጓዴ ምልክት ያላገኘ የተቀዳ ትምህርት ከዚያ በኋላ በስልክ እንደማይተላለፍ ሲያስታውቅ፣ እኔ ካጉረመረሙት ሳይሆን ካጨበጨቡት ወገን ነበርሁ። ያልተናገሩትን ሲናገሩ የሚያሳይ ቪዲዮ ወጥቶባቸው በምእመናን ፊት ያለቀሱ አንድ አባት ስለማውቅ፣ እውነቱን ከሐሰቱ የሚለይ ሥርዓት መሠራቱ ከልቤ ደስ አሰኝቶኝ ነበር። አባቴ ድምፃቸው ከሄደ ወዲህ በሚጽፉባት ትንሽ ሰሌዳ ላይ «ዜማ የሚመረመር በጆሮ ነው፤ ተይው ልጄ» ብለው ጻፉልኝ። ያሳመንኋቸው እኔ ነኝ። ፎርማችሁ «ሌላ ቅጂ ያለው ይዘት ኦርጅናል ተብሎ አይመዘገብም» ስለሚል፣ በኮምፒውተሬም በፍሬ ስብሐት ስልክም የነበረውን አንድ በአንድ አጠፋሁ፤ ማጥፋቴንም በፊርማዬ አረጋገጥሁ፤ የቀረውን አንድ ሚሞሪ ካርድ በፖስታ አሽጌ አስረከብሁ። እንዲህ ያለች ታዛዥ ባለጉዳይ ስላገኛችሁ እንኳን ደስ ያላችሁ። እኔ ግን ያቺን ፊርማ ባስታወስሁ ቁጥር ራሴን እረግማለሁ።

2ኛ. ፎርሙ «የድምፁ ባለቤት ማን ነው?» የሚል አንድ መስመር አለው። ለፎርሙ አዘጋጆች ከዚህ የቀለለ ጥያቄ ያለ አይመስላቸውም። በእኛ ዘንድ ግን ደቀ መዝሙር ከመምህሩ አፍ የተቀበለውን ዜማ «የእኔ ነው» ቢል ሰርቋል ይባላል፤ ራሱ መምህር ሆኖ ሃምሳ ዓመት ቢያስተምር እንኳ፣ የማን ነው ተብሎ ሲጠየቅ የሚጠራው ያስተማረውን ሰው ነው። ስለዚህ አባቴ እስክሪብቶውን ተቀብለው በዚያች መስመር ላይ የመምህራቸውን የየኔታ መርስዔ ኀዘንን ስም ጻፉ። እኔም አጠገባቸው ቆሜ አየሁ፤ በቤታችን ልማድ ትክክል ስለ ነበረ አንዳች አልተናገርሁም። የኔታ መርስዔ ኀዘን ካረፉ አርባ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል። ሲስተማችሁ ይህንን ከመዝገብ አመሳክሮ፣ በአንቀጽ ሰባት መሠረት «የሟች ግለሰብን ድምፅ በማሽን አስመስሎ መሥራት» የሚል ጥፋት አገኘብን። ነገሩን ለማስረዳት ማመልከቻ ሳስገባ፣ አንዴ የተሞላ ፎርም እንደማይታረም ተነገረኝ። እውነትን ለመጠበቅ የተቋቋመ መሥሪያ ቤት እውነቱ ሲነገረው ጆሮውን እንደሚደፍን የተማርሁት ያን ቀን ነው፤ ስለ ትምህርቱም አመሰግናለሁ።

3ኛ. ባለሙያዎችዎ ደክመው ያዘጋጁትን የሁለት ገጽ ትንታኔ በጥሞና አንብቤዋለሁ። ድምፁ አንድን ሐረግ አራትና አምስት ጊዜ ያለ ምንም ለውጥ ስለሚደግም የሰው ሊሆን አይችልም ይላል፤ ይህ በዘጌ ማስተማር ይባላል። ሁለተኛ ድምፅ የመጀመሪያውን ተከትሎ ስለሚገለብጠው ተቆርጦ የተቀጠለ ነው ይላል፤ ይህ ዲያቆን ፍሬ ስብሐት ነው፣ እዚያ የተቀመጠውም መምህሩን ተከትሎ እንዲል ነው። ከኋላ የሚሰማው ጩኸት በተመጣጠነ የጊዜ ልዩነት ስለሚመላለስ በኮምፒውተር የተጨመረ ነው ይላል። ክቡር ሆይ፣ ይህ ጣና ነው። መጋረጃዎን ገለጥ ቢያደርጉ ከቢሮዎ መስኮት ይታያል። ሞገዱ ዳር እየመታ መመላለሱ እውነት ነው፤ ይህን እንዲያቆም የሚጠየቅበት ፎርም ካላችሁ ላኩልኝና አስሞላዋለሁ።

4ኛ. ይግባኝ ስንል፣ የድምፁ ባለቤት ነኝ ባይ በአካል ቀርቦ ለሦስት ደቂቃ በማይክሮፎን እንዲያነብና ከቅጂው ጋር እንዲመሳከር ታዘዘ። ማንቁርታቸው መውጣቱን የሚገልጽ የሐኪም ማስረጃ አያይዤ፣ ሊያነቡ እንደማይችሉ ጻፍሁ። የደረሰኝ መልስ «ያልቀረበ ባለጉዳይ ይግባኙን እንደ ተወ ይቆጠራል» የሚል ነበር። ስለዚህ ሰኔ ሦስት ቀን አባቴ ጋቢያቸውን ደርበው፣ መቋሚያቸውን ይዘው፣ በመጀመሪያዋ ጀልባ ተሻገሩ። በመስኮት ቁጥር አራት የምትሠራው ወይዘሪት ሲና በአንገታቸው ላይ ያለውን ፋሻ ስታይ ደነገጠች፤ ሆኖም ሲስተሙ ካልተቀዳ ወደሚቀጥለው ገጽ አላልፍም ስላላት ማይክሮፎኑን አቀረበችላቸው። አባቴ ለመንግሥት ቤት ክብር ያላቸው ሰው ናቸውና፣ የተሰጣቸውን ወረቀት በሁለት እጃቸው ይዘው አፋቸውን ከፈቱ። የወጣው ትንፋሽ ብቻ ነው። በስክሪኑ ላይ «ድምፅ አልተገኘም፤ እባክዎ እንደገና ይሞክሩ» የሚል ጽሑፍ መጣ። እንደገና ሞከሩ። ሦስተኛ ጊዜም ሞከሩ። ከዚያ በኋላ ሲስተሙ «ባለጉዳዩ ማንነቱን ማረጋገጥ አልቻለም» ብሎ ዘጋ። ሲና አለቀሰች፤ አባቴም በሰሌዳቸው ላይ «አይዞሽ ልጄ፣ አንቺ ምን አጠፋሽ» ብለው ጻፉላት። እኔ ሕንፃችሁን በአፍጢሙ ብደፋው ደስ ይለኝ ነበር። እስከ ዛሬ ድረስ ሰው ላይ እንዲህ ተናድጄ አላውቅም፤ ይህን በትሕትና ቃል ሸፍኜ ማለፍ ስላልቻልሁ ይቅርታዎን እጠይቃለሁ።

5ኛ. በዚያው ቀን አባቴ ያስተማሯቸው ሦስት መሪጌቶች፣ አንደኛው ከቆላ ድባ ድረስ በአውቶቡስ መጥተው፣ ድምፁ የመምህራቸው መሆኑን ለመመስከር በረንዳችሁ ላይ ቆመው ነበር። እነዚህ ሰዎች ከመምህሩ ፊት ቆመው ድጓውን ከዳር እስከ ዳር ሲሉ፣ ባጠፉ ቁጥር መቋሚያው መሬት ሲመታ እየተመለሱ፣ ስንት ክረምት የተመረመሩ ናቸው። «ሲስተሙ የሰው ምስክር አይቀበልም» ተብለው ተመለሱ። በዚያው ሳምንት «ጥንታዊ የጣና ዜማ» የሚል ርእስ የተሰጠው፣ አንድ የማስታወቂያ ድርጅት ያወጣው ቅጂ አረንጓዴ ምልክታችሁን አግኝቶ በየስልኩ ተበተነ። መታወቂያው፣ ቀኑ፣ የመሣሪያው ቁጥር፣ ሁሉም በየመስመሩ ተሞልቷል፤ ባለቤት ነኝ ባዩም የራሱን ስም ለመጻፍ አላፈረም። ለአባቴ አሰማኋቸው። ዐይናቸውን ጨፍነው እስከ መጨረሻው ሰሙና በሰሌዳቸው ላይ አንድ ቃል ብቻ ጻፉ፦ «አይተነፍስም»። መልሼ አዳመጥሁት። ዘማሪው ዐሥራ አንድ ደቂቃ ሙሉ አንድ ጊዜም አየር አይስብም። ይህን ለማወቅ አንድ መምህር ዐሥራ አንድ ደቂቃ በቃቸው፤ ማዕከልዎ ግን ሕንፃ፣ ሠራተኛና መኪና ይዞ አልቻለም።

ክቡር ሆይ፣ እኔ በምሠራበት ክፍል የክር ጥንካሬ የሚለካ ማሽን አለ። በየሰኞው ጠዋት ሥራ ሳይጀመር ጥንካሬው አስቀድሞ በሚታወቅ ክር ይፈተናል። ማሽኑ ከተሳሳተ የምናስተካክለው ማሽኑን ነው፤ ክሩን አጥፍተሃል ብሎ የሚከስስ ሰው እስካሁን አልተቀጠረም። ሲስተማችሁ ሥራ ሳይጀምር እውነት መሆኑ በሚታወቅ ነገር፣ ለምሳሌ ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ በተቀዳ አንድ ማኅሌት፣ ተፈትኖ ያውቅ እንደ ሆነ በጽሑፍ ጠይቄ መልስ አላገኘሁም። አልተፈተነም ማለት ነው። ታዲያ የመጀመሪያው መፈተኛ የአባቴ ድምፅ መሆኑን ቀድማችሁ ብትነግሩን ምን ነበረበት?

የምለምነው ብዙ አይደለም። በዘጌ ጾመ ድጓውን እኩል ላይ አድርሰው የቆሙ ዐሥራ አራት ደቀ መዛሙርት አሉ። ቀሪው ትምህርት ያለው በዚያ ካርድ ላይ ብቻ ነው፤ አባቴም ደግመው ሊሉት አይችሉም። ምልክታችሁ ይቅርብን፤ አረንጓዴውንም ቀዩንም አንፈልግም። «ሐሰተኛ» የሚለውንም ከፈለጋችሁ አታንሡት፤ ሃምሳ አንድ ዓመት ያስተማሩ ሰው በአንድ ወረቀት ሐሰተኛ አይሆኑም። ካርዱን ግን ከሐምሌ ዐሥር በፊት መልሱልን።

ለሰጡን ትኩረት፣ ላስተማሩን ትዕግሥት፣ ለአንድ አረጋዊም ሦስት ጊዜ የመሞከር ዕድል ስለ ፈቀዱ፣ ከመሬት ዝቅ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣ በሥልጣን ዘመንዎ ሁሉ ሰው መሆንዎን የሚጠራጠር ሲስተም እንዳይገጥምዎ ከልብ እመኛለሁ።

የእርስዎ ታዛዥና ፊርማዋን እስከ ዛሬ የምትረግም ባለጉዳይዎ፣
መቅደላዊት ወልደ ጻድቅ
ሰኔ 21 ቀን፣ ባሕር ዳር

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ከጻፍሁ በኋላ፣ ሳልልከው፣ የካርዱን ነገር ልጠይቅ ወደ ማዕከልዎ የመረጃ መስመር ደውዬ ነበር። «ሁሉም ሠራተኞቻችን በሥራ ላይ ናቸው፤ እባክዎ ይጠብቁ» ከሚለው ቀጥሎ ለደዋዩ የሚለቀቀው ዜማ የአባቴ ነው። ከካርዱ የተወሰደ መሆኑን በመጀመሪያው ቃል አወቅሁት። ከአርባ ሦስት ደቂቃ በኋላ ያነሣችውን ሠራተኛ ስጠይቃት፣ በማሽን የተሠራ ተብሎ ስለ ተመዘገበ ባለቤት የለውም፣ ስለዚህ መሥሪያ ቤቱ ሊጠቀምበት ይችላል አለችኝ። አልተጣላኋትም። ቁጥሩን ለዘጌ ደቀ መዛሙርት ሰጠኋቸው። አሁን በየጠዋቱ ይደውላሉ፤ ቅጂውም ትናንት ካቆመበት ይቀጥላል፤ ስልኩን መሐል አስቀምጠው ዙሪያውን ተቀምጠው ይከተላሉ፤ አባቴም ከፊታቸው ሆነው በመቋሚያቸው ያርሟቸዋል። እስካሁን ከአርባ ደቂቃ በፊት ያነሣ ሠራተኛ ስለሌለ ትምህርቱ በደኅና እየሄደ ነው። ስለዚህ ካርዱን እስክትመልሱልን ድረስ፣ ክቡር ሆይ፣ እባካችሁ ስልኩን አታንሡ።