ወንበር ላይ የቀረችው ቫዮሊን

ውድ ታስያ፣

ይህን ደብዳቤ ከዚህ በፊት ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ። ሦስቱንም ጊዜ ስለ ጤናሽ ጠይቄ፣ ስለ ብርዱ አውርቼ፣ ዋናው ነገር ጋ ስደርስ ወኔ አጣሁ። ዛሬ ዋናውን አስቀድማለሁ፦ ያን ቀን በቴሌቪዥን ስለ አንቺ የተናገርኩት ውሸት ነበር።

ግሌብ ኢግናትየቪች በመስከረም አረፈ። ስትጫወቺ በፒያኖ ያጅብሽ የነበረው፣ ኪሱ ከረሜላ የማያጣው ግሌብ። እውነቱን የምናውቀው እሱና እኔ ብቻ ነበርን። እኔም ሰባ አንድ ዓመት ሞልቶኛል። ሳልነግርሽ ከሞትኩ ውሸቱን እንዳመንሽ ትኖሪያለሽ፤ ይህ ነው እንቅልፍ የነሳኝ።

መጀመሪያ የመጣሽ ቀን አምስት ዓመትሽ ነበር። ፒያኖውን አንድ ጊዜ ነካ አድርጌ «ይሄ ድምፅ ‹ላ› ይባላል» አልኩሽ። ወዲያው ከሙዚቃ ትምህርት ቤታችን ፊት ለፊት በሐዲድ የሚሄደው ትራም ሲታጠፍ ጮኸ። «ትራሙም ላ ነው የሚለው!» አልሽ፣ ካፖርትሽን እንኳ ሳታወልቂ። ግሌብ ሳቀ። እኔም ልሳቅ ስል የፒያኖውን ቁልፍ ደግሜ ነካሁት፤ ልክ ነበርሽ። በአርባ ዓመት የማስተማር ሥራዬ እንዲህ ያለ ጆሮ አላጋጠመኝም። ይህን ለግሌብ ነገርኩት፣ ለእናትሽ ነገርኩ፣ ለአንቺ ግን አንድም ቀን አልነገርኩሽም። እኛ ልጅ ሲመሰገን ይበላሻል እየተባልን ያደግን ጅሎች ነን።

ከዚያ አሥራ ሁለት ዓመት ሞላሽና ለዓለም አቀፉ የቴሌቪዥን የሙዚቃ ውድድር አለፍሽ። ከከተማችን ከቼሬፖቬትስ ማንም አልፎ አያውቅም ነበር። የተቀዳ ጨዋታሽን የሰማ አንድ የሞስኮ የሙዚቃ ፕሮፌሰር ስልክ ደወለልኝ። «ልጅቷ ግሩም ናት፤ ግን በዚያች መጫወቻ? በቴሌቪዥን የትንኝ ድምፅ ነው የሚሆነው» አለኝ። መጫወቻ ያላት ትንሿን ቫዮሊንሽን ነው፣ ለክንድሽ ልክ የነበረችውን። እኔም ውድድሩ አምስት ሳምንት ሲቀረው የአዋቂ ቫዮሊን አስያዝኩሽ። ታስያ፣ ለውድድር ስድስት ወር ሲቀረው የልጅ ቫዮሊን አይቀየርም ብዬ በየስብሰባው የምጮኸው እኔ ነኝ! በትልቁ ላይ ጣት ራቅ ብሎ መርገጥ አለበት፤ ጣት ደግሞ ይህን በትእዛዝ አይማርም። ይህን ሁሉ አውቄ ነው ያደረግኩት። ስሜ ከስምሽ በታች በስክሪኑ ላይ ሲያልፍ ይታየኝ ነበር።

ስንነሳ መንገዱ እንዲቀና፣ እንደ ወጉ ለጥቂት ጊዜ ዝም ብለን ቁጭ አልን፣ እናትሽ፣ ግሌብ፣ አንቺና እኔ። ትንሿ ቫዮሊን ፊት ለፊታችን ወንበር ላይ ነበረች። በዝምታው መሀል አንቺ ተናገርሽ።

«ሪማ አርካዲየቭና፣ ትንሿንም እንያዛት?»

«ለምን ብለሽ?»

«እንዲሁ። አልነካትም። ትኑር ብቻ።»

«መሸሻ ካገኘሽ ትሸሻለሽ። ተያት።»

እናትሽ በዝምታው መሀል መነጋገራችንን እንደ ክፉ ገድ ቆጠረችው፤ ተነስተን ወጣን።

ሞስኮ ላይ ሁለተኛውን ዙር እንደምንም አለፍሽ። ግሌብ በኮሪደሩ ላይ ክንዴን ያዘኝ።

«ሪማዬ፣ የልጅቷ ጣት እየዋሸ ነው። ጆሮዋ እየተከታተለ ነው የሚያድነው። በፍጻሜው ግን እንዲህ ቀላል አይሆንም።»

«እና ምን ላድርግ?»

«ለእናቷ ደውይላት። ትንሿን ለባቡሩ አስተናጋጅ ታስረክባት፤ ጠዋት ጣቢያ ሄጄ እቀበላለሁ። የጎመን ማሰሮ ሳይቀር በእነሱ እጅ ይመጣ የለም እንዴ!»

«ፕሮፌሰሩስ ምን ይለኛል?»

«እሱ ነው እንዴ የሚጫወተው?»

አልደወልኩም። አንድ የስልክ ጥሪ ነበር፣ ታስያ። አንድ።

ፍጻሜውን አንቺም አትረሺውም። ኦርኬስትራው ከኋላሽ፣ ካሜራው ፊትሽ ላይ። ዜማው ወደ ላይ የሚወጣበት ቦታ ላይ ስትደርሺ ጣትሽ የለመደውን ርቀት ሄደና ድምፁ ዝቅ ብሎ ወጣ። ከአዳራሹ ሁሉ ቀድመሽ አንቺ ሰማሽ፤ ፊትሽ ላይ አየሁት። ለማረም ስትጣደፊ ደግሞ ጣትሽ ከልኩ አለፈ። ከዚያ ወዲያ እያለቀስሽ፣ ቀስትሽን ሳታቆሚ፣ እስከ መጨረሻው ተጫወትሽ። ጆሮ የሌለው ልጅ እኮ እንደዚያ አያለቅስም፤ መሳቱን አያውቅማ።

መድረክ ጀርባ የፕሮግራሙ አቅራቢ ማይክሮፎኑን ወደ እኔ አስጠጋች። «ምን ተፈጠረ?» አለች። አበባሽን ታቅፈሽ አጠገቤ ቆመሽ ነበር። ፕሮፌሰሩ ከወዲያ ይመለከተኛል። እኔም ፈገግ ብዬ፣ «ምን ይደረግ፣ ጆሮዋ ከዳት። ጆሮ ደግሞ በትጋት የሚገኝ ነገር አይደለም» አልኩ። አገር ሰማ። ግሌብ ጀርባውን ሰጥቶኝ ሄደ።

በማግስቱ ጠዋት ባቡሩ ወደ ቼሬፖቬትስ ሲቃረብ ከላይኛው አልጋ ቁልቁል አየሽኝ።

«ሪማ አርካዲየቭና፣ ጆሮ የለኝም እንዴ?»

መልሱን ከአምስት ዓመትሽ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ያልኩሽ ግን «ውረጂና ሻይሽን ጠጪ፣ ይቀዘቅዛል» ነው። ወርደሽ ጠጣሽ። በሳምንቱ ሁለቱንም ቫዮሊኖች አምጥተሽ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጥሽ፤ እኔም «እንዳሻሽ» አልኩሽ። ኩራቴ እዚያ ላይ እንኳ አልተወኝም።

አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ረስተሽዋል ብዬ ራሴን አታለልኩ። ባለፈው ወር ክሊኒክ ወረፋ ላይ ከእናትሽ ጋር ተገናኘን። ሴት ልጅ መውለድሽን፣ ሁለት ዓመት እንደሞላት ነገረችኝ።

«እናቷ እየዘፈነች ታስተኛታለቻ» አልኩ።

«ኧረ ምን ዘፍናላት ታውቃለች! ‹ጆሮ የለኝም፣ የልጄን ጆሮ አበላሽባታለሁ› ትላለች። ሬዲዮ ነው የምትከፍትላት። ምን ነክቷት ይሆን፣ ሪማ አርካዲየቭና?»

ተራዬ ሲደርስ ሐኪሙ ጋ አልገባሁም። ወደ ቤቴ ሄድኩ። እናትሽ ይህን ሁሉ ዓመት እኔን እንደ አዋቂ ታከብረኛለች።

ይቅር በዪኝ አልልሽም፤ የምትይበት ምክንያት የለም። የወሰድኩብሽን መመለስም አልችልም፤ ጣትሽ የሚማርበት ዕድሜ አልፏል፣ ያንን የበላሁት እኔ ነኝ። ትንሿ ቫዮሊን ቁምሳጥኔ ውስጥ አለች፣ ለሌላ ልጅ አልሰጠኋትም። ክሮቿን አልነካኋቸውም፤ ልቤ እምቢ ይለኛል።

አንድ ነገር ግን ማድረግ እችል ነበርና አደረግኩ። ትናንት ከጡረታዬ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ድሮው ክፍላችን ሄድኩ። መስኮቱን ከፈትኩና ፒያኖው አጠገብ ቆሜ ጠበቅሁ። ትራሙ መጣ፣ ታጠፈ፣ ጮኸ። ቁልፉን ነካሁት።

አሁንም ላ ነው፣ ታስያ። ለልጅሽ ዝፈኚላት።

ያን ቀን እውነቱን መናገር ያቃታት መምህርትሽ፣
ሪማ አርካዲየቭና