ብርጭቆ ሳይመረምሩ የማይጠጡት እህታችን

የዶሮ ሐኪሟ ታላቅ እህታችን ከልብስ ሰፊ አባታችንና ከእንቁላል ነጋዴ እናታችን በ1951 ዓ.ም. ተወለዱ። እናታችን እያንዳንዱን እንቁላል ወደ ብርሃን አንሥተው ሳያዩ አይገዙም ነበር። እህታችንም የሚጠጡትን ውሃ ሁሉ እንደዚያው ስለሚያዩ ገና በልጅነታቸው «መርማሪዋ» የሚል ስም ወጣላቸው።

በ1976 ዓ.ም. በእንስሳት ሕክምና ተመረቁ። መምህሮቻቸው እንደሚሉት ፈተና ላይ ጥያቄውን ራሱን ይጠራጠሩ ነበር።

በተቀጠሩበት የዶሮ እርባታ መድኃኒት የማይበግረው ተቅማጥ ጫጩቱን ይፈጀው ጀመር። ባለቤቱ እርባታውን ዘግቶ ሠራተኛውን ሊበትን ሲል፣ ፈገግታ የማያልቅበት አንድ ሻጭ ዱቄት ይዞ መጣ። በውስጡ ያሉት ጠቃሚ ባክቴሪያዎች የጫጩቱን አንጀት ቀድመው ይዘው በሽታ አምጪዎቹን ቦታ ያሳጧቸዋል አለ። እህታችን ዓይናቸውን አጥብበው «በሕይወት ካሉ ታዲያ ካርቶን ውስጥ ምን እየበሉ ከረሙ?» አሉት። «ተኝተው ነው፤ ውሃ ሲያገኙ ይነቃሉ» አላቸው። መልሱ ጭራሽ ጥርጣሬያቸውን አባሰው።

ቢሆንም የአንዱን ክፍል ጫጩቶች ዱቄቱ የተበጠበጠበት ውሃ አጠጡ። እነዚያም እንደ ሌሎቹ አለቁ። ሻጩ አጭበርባሪ ተብሎ ሊባረር ሲል፣ እህታችን ሰውን ሁሉ ጠርጥረው ጨርሰው ኖሮ ወደ ገዛ ራሳቸው ዞሩ። የመጠጫውን ውሃ በክሎሪን የሚያክሙት እሳቸው ነበሩ፤ ከጥንቃቄ ብዛትም መጠኑን ከፍ አድርገውታል። ለእርዳታ የመጡትን ባክቴሪያዎች የፈጀው ያ ክሎሪን ነበር። ለቀጣዩ ዙር ጫጩቶች ዱቄቱ ክሎሪን በሌለው ንጹሕ ውሃ ተበጥብጦ ሲሰጥ አብዛኞቹ ተረፉ፤ እርባታውም ሳይዘጋ ቀረ።

በ1980 ዓ.ም. ያንኑ ሻጭ አገቡ። ቤተሰቡ ክው አለ። ዱቄቱስ ይሁን፣ እንዲህ የሚስቅ ሰው አንድ የደበቀው ነገር አያጣም ብለን ጉዱን እንጠብቅ ጀመር። ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ ወለዱ፤ እኛ አሁንም እየጠበቅን ነበር። እህታችንም ባለቤታቸው የሚያቀርቡላቸውን ውሃ በየዕለቱ ወደ መስኮቱ አንሥተው ይመረምሩ ነበር። ባለቤታቸው ፈገግ ብለው ይጠብቃሉ።

አምና ጉበታቸውን ታመው አልጋ ያዙ። የሐኪሞቹን ውጤት ስላላመኑ ምርመራውን አስደገሙ፤ ያው ሆነ። በመጨረሻው ቀን ጠዋት ባለቤታቸው ውሃ አመጡላቸው። እኛም እንደ ልማዳቸው በብርሃን እንዲመረምሩት ተነሥተን መጋረጃውን ገለጥን። እሳቸው ግን ዓይናቸውን ከባለቤታቸው ሳይነቅሉ፣ ብርጭቆውን ሳያዩ ጠጡት።

ጥር 9 ቀን 2016 ዓ.ም. በስልሳ አምስት ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውን፣ አራት የልጅ ልጆቻቸውንና ከዚያ ጠዋት ወዲህ ጥርጣሬያችን የከዳንን እኛን ወንድም እህቶቻቸውን ትተው ሄደዋል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ሳይመረምር ይቀበልልን።