አባባ እንቢ ያለው ነፃ መታወቂያ

ይድረስ ለምናፍቅህ ወንድሜ፣

እንደምን ሰነበትክ? ወገብህ ተሻለህ ወይ? ባለቤትህስ፣ ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኛ ተመስገን ነው፤ እማማም ከጉልበቷ በቀር ደህና ናት። ስለ አባባ ግን "ደህና ነው" ብዬ ልዋሽህ አልቻልኩም።

ነገሩ የጀመረው ከመታወቂያ ነው። የአባባ መታወቂያ ጊዜው አልፎበታል፤ ያለ እሱ ደግሞ ሆስፒታሉ ለዓይኑ ቀዶ ሕክምና አልመዘግበውም አለ። በዚያው ሰሞን የቀድሞ ወታደሮች መታወቂያ ያለ ክፍያ እንደሚያወጡ ቀበሌው ማስታወቂያ ለጠፈ። ደስ ይለዋል ብዬ ሳልነግረው ስሙን አስመዘገብኩ። ሲሰማ ምሳውን ትቶ ተነሣ። "ከፍዬ አወጣለሁ" ብቻ አለኝ። እኔ ሞኟ ኩራት መስሎኝ "መብትህ እኮ ነው" እያልኩ ይዤው ሄድኩ።

መስኮቱ ላይ ያለችው ጸሐፊ የመሰናበቻ ወረቀቱን ጠየቀችው። የለኝም አላት። "አይጨነቁ አባት፣ ደብዳቤ ጽፌ ስምዎን ከሠራዊቱ መዝገብ አስፈልግልዎታለሁ" ስትለው ክንዴን ይዞ ወደ በሩ ጎተተኝ።

ቤት ስንገባ ካፖርቱን እንኳ ሳያወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ነገረኝ። ወንድሜ፣ አባባ አልተሰናበተም፤ ጥሎ ነው የወጣው። አንተ ስትወለድ እማማ ደም እየፈሰሳት ነው፣ አትተርፍም የሚል መልእክት ደረሰው። ፈቃድ ጠየቀ፣ ከለከሉት። ውሃ ሊቀዳ እንደወጣ በዚያው ቀረ። ሁለት ቀን በእግሩ ተጉዞ ደረሰላት። ከተማ የቀየርነው ለሥራ እንዳልነበረ አሁን ገባኝ። እማማም "ሠላሳ ስምንት ዓመት በሆዴ ይዤዋለሁ" አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ ልብስ ስሰፋ መኪና በራችን ላይ በቆመ ቁጥር ሊይዙት የመጡ እየመሰለኝ መርፌው ጣቴን ይወጋኛል። ሰው እንዳላማክር ወሬው ሰፈሩን ያዳርሰዋል።

በሳምንቱ አባባ ከእኔ ቀድሞ ተነሥቶ ጢሙን ተላጨ። ተያይዘን ሄድን። ጸሐፊዋን፣ ድምፁን ዝቅ ሳያደርግ፣ "ልጄ፣ ጊዜዬን ሳልጨርስ ነው የወጣሁት። እስከ መጨረሻ የቆዩት ሰዎች ተራ ላይ አልቆምም። ሰርዢኝና እንደ ሰው ሁሉ ልክፈል" አላት። ከኋላችን የተሰለፈው ሁሉ ሰማ። እሷም ስሙን ሰረዘች፤ ደረሰኝ ቆረጠችለት። ልንወጣ ስንል ግን ወደ እኔ ጠጋ ብላ፣ የፍለጋው ደብዳቤ ትናንት መሄዱን በሹክሹክታ ነገረችኝ።

ምን ይከተል እንደሆነ አላውቅም። አባባ ግን ያን ቀን በደንብ በላ። አሁን የሚፈራው መዝገቡን ሳይሆን አንተን ነው። ለልጆችህ ስለ ወታደርነቱ በምን ኩራት እንደምታወራላቸው ያውቃል። "ከሌላ ሰው እንዳይሰማ አንቺ ጻፊለት" ያለኝ ራሱ ነው። ይኸው አጠገቤ ተቀምጧል፤ ፊደሉ አይታየውም፣ እስክሪብቶው ሲሄድ ግን ያዳምጣል። እባክህ መልሱን ለእኔ ሳይሆን ለእሱ ጻፍ።

ለባለቤትህ ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ ልጆቹን ሳምልኝ። ባለቤቴንም በጣም ናፍቀኸዋል። እማማ ግንባርህን ትስማለች። አባባን ሰላምታህን ልጻፍ ወይ ብዬ ስጠይቀው፣ "መጀመሪያ ይቀበለኝ እንደሆነ ልወቅ" አለኝ።

እህትህ
ከቤታችን፣ ሚያዝያ ዘጠኝ ቀን