ሁለት ሚሊሜትር በግራ በኩል

ውድ ወንድም ጋሼ፣

ይህን የምጽፍልህ ጋራዡ ውስጥ፣ ከመኪናህ አጠገብ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጬ ነው። ስምንት ወር ሙሉ ሸራ ለብሳ ቆማ ነበር። ልጅህ መንጃ ፈቃድ አውጥታ የአባዬን መኪና ለእኔ አስተካክይልኝ ባትለኝ ኖሮ አሁንም አልነካትም ነበር።

ዝቅ ያደረግናት ቀን ትዝ ይልሃል? ኮይልኦቨር የሚባሉትን ሞላዎች እንደ አራስ ልጅ አቅፈህ ነበር የገባኸው። ሞላውና አሞርዛተሩ አንድ ላይ ሆነው፣ ቀለበቱ ሲዞር መኪናው ከፍና ዝቅ ማለቱ አስደንቆህ እንደ ልጅ ታዞረው ነበር። ከስሯ ጉንዳን እንዳያልፍ አድርጊያት አልከኝ። እኔም የፍጥነት መቀነሻ ሲያጋጥምህ ተሸክመሃት ልትሻገር ነው ወይ ብዬ አሾፍኩብህ።

የመኪና ሚዛን ስለሌለን የምንሠራው በሜትር ነው። ነዳጅ ሞልተን፣ አንተን መሪው ላይ አስቀምጬ፣ ከጎማው መሀል ከላዩ እስካለው ፓራፋንጎ ጠርዝ እለካለሁ። መኪና የምትስተካከለው የሚነዳት ሰው ተቀምጦባት ነው። በሳቅህ እንኳ ሜትሩ ይነቃነቃል ብዬ ስቆጣህ «ሚሊሜትር» የሚል ስም አወጣህልኝ፤ ስሙም ተለጥፎብኝ ቀረ።

በሁለተኛው ዓመት ግራው ከፍ ያለ ይመስለኛል ብለህ መጣህ። ለካሁት፤ እውነትህን ነው፣ ሁለት ሚሊሜትር ከፍ ብሏል። ጥፋቴ እዚህ ላይ ነው። ሞላ ሲያረጅ ይረግባል እንጂ አያድግም፤ አንድ ቀን ጋራዥ የዋለ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል። እኔ ግን መቆለፊያውን ፈትቼ ቀለበቱን ወደ ታች አዞርኩና ይኸው አልኩህ። ከሦስት ወር በኋላ እንደገና ከፍ አለ፣ እንደገና አዞርኩ። ደግሞ ሌላ ሦስት ወር። ጃኬትህ ሰፍቶህ እንደነበር አሁን ነው የሚታየኝ፤ ያኔ የማየው ፓራፋንጎውን ብቻ ነበር።

በሦስተኛው ጊዜ ንዴቱ ብልጭ አለብኝ። ይህን ሞላ አውርጄ ካልመረመርኩት እንቅልፍ አይወስደኝም አልኩህ። አንተ ግን ሳታስነካኝ ይዘሃት ሄድክ። በወሩ ራስህ መኪናዋን ይዘህ መጣህ። አንተን አስቀምጬ ስለካ ልክክ ብላለች፤ የፀጉር ያህል እንኳ አልተዛነፈችም። እኔም ኮፋኖውን መታ አድርጌ ጉራዬን ነዛሁብህ።

«እጅሽ ይባረክ» አልከኝ። «በቃ፣ አሁን ተኚ።»

ከዚያ በአምስተኛው ሳምንት ሆስፒታል ገባህ፤ አልተመለስክም። ሐኪሙ ሕመሙ ካደረብህ ዓመት ከመንፈቅ እንዳለፈውና አንተም እንደምታውቅ ነገረኝ።

ባለፈው ሳምንት ሸራውን ገፍፌ ባዶዋን ለካኋት። ቀለበቱን መጨረሻ ካዞርኩ በኋላ የያዝኩት የባዶዋ ልክ ደብተሬ ላይ አለ። ግራው ከዚያ ሁለት ሚሊሜትር ዝቅ ብሏል። ጎማውን ነፋሁ፣ ሜትር ቀየርኩ፣ ያው ሁለት። ሰው የሌለባት መኪና ሰው እንደተቀመጠባት ዝቅ ብላ ቆማለች። በመስኮቱ አጮልቄ አየሁ፤ ወንበሩ ባዶ ነው። አልዋሽህም፣ ፈራሁ። በሩን ሳልከፍት ሸራውን መለስኩና አራት ቀን በወዲያኛው በኩል እየዞርኩ አለፍኩ። ጀርባዬን ስሰጣት አንተ ከውስጥ ሆነህ የምታየኝ ይመስለኝ ነበር።

በአምስተኛው ቀን እንደ ሞኝ ጤና ይስጥልኝ ብዬ በሩን ከፈትኩ። ከወንበሩ ስር፣ በሰማያዊ ሸሚዝህ የተጠቀለሉ ሦስት አሮጌ የፍሬን ዲስኮች አገኘሁ። ከራሴ የቁርጥራጭ ክምር የወሰድካቸው ናቸው። ከተንቀጫቀጩ እንደምሰማ ስለምታውቅ በሽቦ ጥፍር አድርገህ አስረሃቸዋል።

ወለሉ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ከሰውነትህ የጎደለውን በብረት ሞልተህ ነው የመጣህልኝ፣ እኔ እንቅልፍ እንዲወስደኝ። ተናድጄብሃለሁ፣ ወንድም ጋሼ። ብትነግረኝ ምናልባት ላድንህ አልችልም ነበር። ግን ያንን ሁሉ ጊዜ ቀለበት ከማዞር እጅህን ይዤ እቀመጥ ነበር።

ዛሬ ልጅህ መጣች። መሪው ላይ ከመቀመጧ በፊት ኪሷን አስራገፍኳት፤ ቦርሳዋን ተቀበልኳት፤ ከወንበሩ ስርም እጄን ሰድጄ ዳሰስኩ። ቁልፍና ስልክ ምን ያህል ሊመዝን ነው ብላ ሳቀች። እኔ ግን ሳቁ አልመጣልኝም።

«አባዬንም እንዲህ ትፈትሺው ነበር?» አለችኝ።

«አልፈተሽኩትም» አልኳት። ከዚያ ዲስኮቹን አውጥቼ አሳየኋትና ሁሉንም ነገርኳት። ከሦስቱ አንዱን ጭኗ ላይ አድርጋ ብዙ ቆየች።

ቀለበቱን የፈታሁት ከዚያ በኋላ ነው። ቀለበቱ በአንተ ልክ በቆመበት ቦታ ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጌ፣ ግማሽ ዙር ወደ ታች አዞርኩና በእሷ ልክ ቆለፍኩት። ዲስኮቹን ከነሸሚዝህ መደርደሪያዬ ላይ አስቀምጫቸዋለሁ፤ ማንም አይነካቸውም።

በየሦስት ወሩ እንድትመጣ ቃል አስገብቻታለሁ፤ የእኔን ቃል ደግሞ ላንተ ልስጥህ። አንድ ቀን ግራው ከፍ ብሎ ካገኘሁት መፍቻ አላነሳም። ቀና ብዬ የማየው እሷን ነው።

እህትህ፣
ሚሊሜትር