በጾም የሚታጠበው ፔርሙስ

እማዬ፣

አደይ ሲፈነዳ ጥለሽን ሄድሽ፤ ይኸው ሁዳዴ ገባ። እኔ ከዳንግላ ጠቅልዬ መጥቼ ከአባባ ጋር ነኝ። ቤትሽ እንዳለ ነው ብዬ አልዋሽሽም። መደብሽ ላይ የሚቀመጥ የለም።

የጨነቀኝ የአባባ ነገር ነው። ከቅዳሴ መልስ ሻዩን አንዴ ፉት ይልና ብርጭቆውን ወደዚያ ይገፋዋል። በዚህ የእንጅባራ ብርድ ትኩስ ነገር ሆዱ ሳይገባ ያድራል፤ ምግቡንም እየተወ ጉንጩ ጎድጉዷል። ሐዘን ነው ይሉኛል ጎረቤቶች። እኔ ደግሞ ሁለተኛ ልቀብር ነው እያልኩ እፈራለሁ። ቅጠል ቀየርኩ፣ ቀረፋ ጨመርኩ፣ ስኳር አበዛሁ። ወይ ፍንክች።

ቅዳሜ ለት ፔርሙሱን ወደ ብርሃን አዙሬ ባየው፣ የሻይ እድፍ ውስጡን አጥቁሮታል። ምነው አፈር በበላሁ! ለካ ላይ ላዩን ነው የማጥበው። በአመድ እንዳልፈትገው አፉ ጠባብ፣ እጄ አይገባ። በሎሚና በጨው ዘፍዝፌ ባሳድረውም አልለቅ አለ። ያንቺ ብልሃት የእንቁላል ቅርፊት እንደነበር ትዝ አለኝ። ግን በሁዳዴ፣ ያውም ቅቤ የነካው ማንኪያ እንኳ ከቤት ይውጣ በሚለው በአባባ ቤት፣ ቅርፊት ከየት ይምጣ?

ጉድሽን ያወጡት ባለሱቋ ጎረቤታችን እትዬ ዘሃራ ናቸው። ለካ በየጾሙ ፔርሙሱን በነጠላሽ ሸፍነሽ እሳቸው ዘንድ ትሄጂ ኖሯል። ረመዳንም አብሮ ገብቶ ስለነበር፣ ማታ ለማፍጠሪያ ከሰበሩት እንቁላል የተረፈውን ቅርፊት አደቀቁልኝ። ከጨውና ከሙቅ ውሃ ጋር ከትቼ፣ ክዳኑን ገጥሜ፣ ክንዴ እስኪዝል ናጥኩት። ጥቁር ውሃ ወጣ። ብዙ ጊዜ አለቅልቄ ባየው ውስጡ ያብለጨልጫል።

ሻዩን ቀድቼ አቀረብኩለት። አባቴን በስተርጅና ጾም ያስገደፍኩት መሰለኝ። ፉት አለ። ደገመ።

«ዘሃራ ዘንድ አጠብሽው? እናትሽም በጾም እዚያ ነበር የምታጥበው» አለና ባዶውን ብርጭቆ ዘረጋልኝ።

ሁሉንም ያውቅ ነበር እማዬ። አንቺን ላለማሳፈር ዕድሜ ልኩን ዝም ብሎ ጠጥቷል፤ እኔንም ሻይሽ ጥላሸት ጥላሸት ይላል ብሎ ላለማስከፋት ጦሙን አድሯል። ሁለተኛውን ስቀዳለት እንባው ጢሙ ላይ ወረደ። እኔም አብሬው አለቀስኩ። ጉንጩ ገና አልሞላም፤ ፍርሃቴም አልለቀቀኝም።

አልረሳሽም። ጾም በገባ ቁጥር ፔርሙሱን በነጠላሽ ሸፍኜ እትዬ ዘሃራ ደጅ እሄዳለሁ። አባባም እንዳላየ ሆኖ ያሳልፈኛል።

ልጅሽ