ቤታችንን እየዘለለ የሚዞረው ውኃ

ለከተማችን ውኃና ፍሳሽ አገልግሎት ዋና ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የአክብሮት ሰላምታዬን እያቀረብኩ ለመላ አካላትዎ ጤና፣ ለኩላሊትዎ ደግሞ ለብቻው ጤና እመኛለሁ፤ ኩላሊቴን ለምን ለይተህ ጠራኸው የሚሉኝ እንደሆነ ዝቅ ብለው ሲያነቡ ይደርሱበታል። እኔ ከዳገቱ ጫፍ የምኖር፣ ትምህርቴን ከመንገድ ያቋረጥኩ፣ ሰፈሩ «ነገረኛው» እያለ የሚጠራኝ ወጣት ነኝ።

1ኛ. በመሥሪያ ቤትዎ አጥር ላይ ስላሰቀሉት ጨርቅ ምስጋናዬ ይድረስዎ። «ዑደታዊ ኢኮኖሚ፦ ያገለገለ ውኃ ተጣርቶ ይመለሳል» ይላል፤ እውነትም ከጨርቁ ሥር የተጣራው ውኃ በፏፏቴ ሲዘል ውሎ ያድራል። እኔም የዋሁ፣ ይህ ለልብስና ለሽንት ቤት ቢሆነን ቧንቧችን ከደረቀ ወዲህ በጀሪካን እየገዛን የምናመጣው ንጹሕ ውኃ ለመጠጥ ይተርፍልናል ብዬ ጀሪካኔን ይዤ ብመጣ፣ ጥበቃው «ይሄ ለዓይን ነው እንጂ ለጀሪካን አይደለም» ብለው ኮሌታዬን በክብር ይዘው ሸኙኝ።

2ኛ. ውኃን ደጋግሞ መጠቀም እንዲያስተምሩን ስለላኳቸው አሠልጣኞችም አመሰግናለሁ። እኛ ቤት አንዱ ውኃ አትክልት አጥቦ፣ የእህቴን ሕፃን ልብስ አጥቦ፣ ወለል ወልውሎ ሽንት ቤት ሲደርስ፣ ውኃ ነኝ ብሎ ቢምል እንኳ የሚያምነው የለም። አሠልጣኞቹ ግን ከታሸገ ጠርሙስ እየተጎነጩ ይህንኑ አስተማሩንና ሄዱ። ጠርሙሶቹን ከነግማሽ ውኃቸው ትተውልን ስለነበር፣ እህቴ አንድም ሳታስቀር ወደ ጀሪካኑ ገለበጠቻቸው፤ ከሥልጠናው ያተረፍነውም እሱን ነው።

3ኛ. እዚህ ላይ ቀልድ ያልቅብኛል። እናቴ ኩላሊቷን ታማለች፤ ሐኪሙም ውኃ በብዛት እንድትጠጣ፣ ዋናው መድኃኒቷ እሱ እንደሆነ ነግሯታል። ስለዚህ የመጀመሪያው ብርጭቆ ሁልጊዜ የእሷ ነው፤ ከፊታችን አንሥታ ወደ ጓዳ ትገባና ስትመለስ «ተመስገን፣ ረካሁ» ትላለች። በቀደም እንደ ልማዴ ላስደነግጣት ከጓዳው በር ጀርባ ተደብቄ ስጠብቅ፣ ከንፈሯን ብቻ አርጥባ ብርጭቆውን መልሳ ጀሪካኑ ውስጥ ስትገለብጠው አየኋት። ላስደነግጥ የተደበቅኩት ሰውዬ ደንግጬ እዚያው ቀረሁ። «ለልጁ ይሁን ብዬ ነው፤ ለእህትህ እንዳትነግራት» አለችኝ። ለሥራ አስኪያጁ አትንገር ግን አላለችኝም።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ ጨርቅዎ ላይ የጻፉት ዑደት በእኛ ቤት ከጀሪካን ወደ ብርጭቆ፣ ከብርጭቆ ወደ ጀሪካን በሚገባ እየሠራ ነው፤ የሚዘለው የእናቴን ጉሮሮ ብቻ ነው። ከትናንት ጀምሮ ጎኗን ይዛ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኝታለች። ቧንቧችን ይመለስልን ብዬ አላስቸግርዎትም፤ ከሚዘለው ውኃ ላይ ለልብስና ለሽንት ቤት የሚሆነን ያህል እንድንቀዳ ለጥበቃው አንድ ቃል ይናገሩልን።

ይህን ስጽፍ ማልቀስ አምሮኝ ነበር፤ መመሪያዎን አክብሬ፣ ብክነት እንዳይሆን ብዬ ተውኩት።

የመልካም አስተዳደርዎ ፍሬ የደረሰኝ፣ ከንፈሬም እጄም የደረቀ ታዛዥዎ፣
ነገረኛው፣ ከዳገቱ ጫፍ

ማሳሰቢያ፦ ውኃው የማይቻል ከሆነ አሠልጣኞቹን መልሰው ይላኩልን። ትምህርቱ ገብቶናል፤ የፈለግነው ጠርሙሶቹን ነው። ብቻ እንደ ባለፈው ግማሹን ይተዉ። የሰው ትራፊ ነው፣ ለልጁ አይሆንም ካልናት እናቴ ምናልባት ወደ ጀሪካኑ አትመልሰው ይሆናል።