መናፈሻ ደርሰው ስላልተመለሱ አሥራ አንድ ውሾች

ለክቡር የፈቃድና ምዝገባ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት (ስብሰባ ላይም ቢሆኑ)

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደ ማኅተምዎ የጠና፣ እንቅልፍዎ እንደ መዝገብ ቤትዎ ያልተነካ፣ ወንበርዎም እንደ እስከ ዛሬው የማይነቃነቅ ይሆን ዘንድ ከልብ እመኛለሁ። ለቤተሰብዎም እንዲሁ። ውሻ ካለዎት ለእርሱም።

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፈው እርስዎን ለማሳጣት አይደለም። ለጽሕፈት ቤትዎ የሚቀርብ ማመልከቻ ገቢ ሆኖ፣ ተመርቶ፣ ጠረጴዛዎ ላይ እስኪደርስ አሥራ አምስት የሥራ ቀን እንደሚፈጅ ግድግዳችሁ ላይ ተለጥፎ አንብቤአለሁ፤ እኔ ደግሞ ያለኝ እስከ ዓርብ ብቻ ነው። ጋዜጣ ግን ጠዋት ጠዋት ጠረጴዛዎ ላይ ተዘርግቶ በዓይኔ አይቻለሁ። የቅሬታ ቅጽ ጠይቄ እንደነበርም ይታወቅልኝ። መስኮት ቁጥር ሦስት ያሉት ባለሙያ «ጋሼ፣ የቅሬታው አልቋል፤ የምስጋናው ግን ሞልቷል» ስላሉኝ፣ ከዚህ በታች ያለውን ሁሉ በምስጋና መልክ ለማቅረብ ተገድጃለሁ።

ረስተውን እንደሆነ ለማስታወስ ያህል፣ እኔና ታላቅ እህቴ ባለቤቶቻቸው መንገድ ሲሄዱ ወይም ሲታመሙ የሰው ውሻና ድመት በቤታችን የምናቆይ፣ ቀኑን ሙሉ ሥራ ለሚውሉ ሰዎችም ውሾቻቸውን ጠዋትና ማታ የምናንሸራሽር ሰዎች ነን። ሥራው ስድስት ዓመት ሆኖታል። እህቴ ቤቱን ትይዛለች፤ የትኛው ውሻ ከየትኛው ጎን እንደማይተኛ፣ የትኛዋ ድመት እንግድነቱ እስኪለቃት ሦስት ቀን አልጋ ሥር እንደምትከርም ታውቃለች። እኔ መንገዱን እይዛለሁ። ኮሪደራችን ላይ የደንበኞቻችን የቤት ቁልፎች በምስማር ተንጠልጥለዋል፤ በእያንዳንዱ ላይ የተጻፈው የውሻው ስም ነው፤ ባለቤቶቹንማ በሌላ ስም ጠርተናቸው አናውቅም። አሁን ወደ ምስጋናዬ ልግባ።

አንደኛ። በዘንድሮው አዲስ የሥራ ዘርፎች ዝርዝር ውስጥ ስላልረሱን አመሰግናለሁ፤ መርሳት ቀድሞ ማወቅን ይጠይቃልና። ፈቃዳችንን ልናሳድስ ስንመጣ ባለሙያዋ ዝርዝሩን በጣታቸው እየተከተሉ «ውሃ ማከፋፈል» ካሉ በኋላ ቀጥታ «ውበት ሳሎን» ገቡ፤ በመካከላቸው ውሻ የለም። ግብርና ጠይቁ ተባልን። ግብርናዎቹ «ውሻ ምን አገባት ከእርሻ» ብለው ሳቁብን፤ ተረቱ ለካ መመሪያ ኖሯል። ተመልሰን ስንመጣ ጉዳዩ በራስዎ እጅ ተወሰነ፦ እንስሳው ከቦታ ወደ ቦታ ይንቀሳቀሳል፣ ሰው ያጅበዋል፣ ለዚህም ይከፈላል፤ ስለዚህ ሥራው «የቁም እንስሳት ማጓጓዝ» ነው። አመክንዮው እንከን የለውም። በዚሁ ሚዛን የሰው ልጅ እጁን ይዛ ትምህርት ቤት የምታደርስ ሞግዚት ምን ልትባል እንደምትችል ለማሰብ ጀምሬ ነበር፤ እንዳይሰሙኝ ፈርቼ ተውኩት።

ሁለተኛ። ተቆጣጣሪዎን ስለላኩልን እናመሰግናለን። መወጣጫ ያለውን የጭነት መኪና እንድናሳየው ጠየቀን። በእግሬ እንደምሄድ ነገርኩት። ከላይ እስከ ታች ካየኝ በኋላ «ተሽከርካሪው አልተገኘም፤ አሽከርካሪው ግን በቦታው ነበር» ብሎ መዘገበ። በስድስት ዓመት ውስጥ ስለ ሥራዬ ከተጻፈው ሁሉ ይህን የሚያህል ያማረ ዐረፍተ ነገር አላነበብኩም። በረንዳችን ላይ ፀሐይ የምትሞቀውን የደንበኛ ኤሊ ከሩቅ እያየ «ትናከሳለች?» ማለቱንም ለጥንቃቄው እንመዘግብለታለን።

ሦስተኛ። ከመኪናው ግዴታ በልዩ አስተያየት ነፃ ስላደረጉን፣ በምትኩም ለእያንዳንዱ ውሻ በየወሩ የጉዞ መሸኛ ብቻ እንድናወጣ ስለፈቀዱልን ባለውለታዎ ነን። ቅጹ «መነሻ» እና «መድረሻ» ይላል። ሁለቱም ላይ የውሻውን ቤት አድራሻ ጻፍኩ፤ እውነቱ ያ ነውና። ባለሙያዋ አዩትና «ጋሼ፣ ከቤቱ ተነስቶ ቤቱ ከደረሰ የት ሄደ ታዲያ?» አሉኝ። ሊሸና፣ አልኳቸው። «እሱን የሚጠይቅ ሳጥን የለም» አሉ። ከኋላዬ ወረፋው ኮሪደሩን ሞልቶ ያጉረመርማል፤ አንዱማ «ውሻውን ይዘህ ብትመጣ ከአንተ ቶሎ ይጨርስ ነበር» አለኝ። ባለሙያዋ አዘኑልኝና «ምን አስጨነቀዎት፣ መናፈሻ ብለው ይሙሉትና እንገላገል» አሉ። ሞላሁት። በአሥራ አንድ ቅጽ ላይ፣ በአሥራ አንድ ውሻ ስም፣ በራሴ እጅ፣ መድረሻ፦ መናፈሻ። ከዚህ በኋላ ለሆነው ሁሉ ጥፋተኛው እኔ መሆኔን እህቴ በየማለዳው ታስታውሰኛለች፤ ጽሕፈት ቤትዎ እንዳይደክም።

አራተኛ። ለመዝገብ አያያዛችሁ ጥራት። በወሩ መጨረሻ መዝገቡ ሲመረመር አሥራ አንድ ውሾች መናፈሻ መድረሳቸው ተረጋገጠ። መመለሳቸውን የሚያሳይ ግን አንድም ወረቀት አልተገኘም፤ የመመለሻ ቅጽ የሚባል ነገር የለማ። ደንቡ ደግሞ በሕዝብ መናፈሻ ከሠላሳ ቀን በላይ የቆየ ውሻ የባዘነ ነው ይላል። ተቆጣጣሪው በዚያ ሰሞን ደጃችንን ሲያንኳኳ አምስቱ ግቢ ውስጥ ተጋድመው ነበር። «በመዝገቡ መሠረት መናፈሻ ያሉ ውሾች እናንተ ቤት ምን ያደርጋሉ?» አለን። እህቴ «ይኸው፣ ተኝተዋል» አለችው። ይህም የባዘነ ውሻ ያለ ፈቃድ መያዛችንን ማመን ሆኖ ተመዘገበ። ፈቃዳችን ተነሣ፤ ባለቤቶቹም በአሥር ቀን ውስጥ መታወቂያ ይዘው በአካል ቀርበው «ውሻው የኔ ነው» ካላሉ ውሾቹ ወደ ባዘኑ ውሾች ማቆያ እንዲገቡ ታዘዘ።

ሥራችን በዚህ አለቀ፤ በዚህ ላይ አልከራከርዎትም። አሥሩ ባለቤቶች ከየሥራቸው አስፈቅደው መጡ፣ ተሰለፉ፣ ውሻቸው ውሻቸው መሆኑን አረጋገጡ፣ ቁልፋቸውንም ከምስማሩ አውርደው ወሰዱ። አንዱማ «አይዞህ» እንኳ ብሎኛል። እኔ ሌላ ሥራ አላጣም፤ እህቴም አላጣም ብላ ትምላለች፤ አምሳ ሁለት ዓመቷ ነው። ይህ ደብዳቤ የተጻፈው ስለ አሥራ አንደኛው ነው።

አምስተኛ። አሥራ አንደኛው ውሻ መቶ አለቃ ይባላል። አሥራ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ይህን ሁሉ ዘመን ያለ ዕድገት በዚያው ማዕረግ አገልግሏል። የኋላ እግሮቹ ደረጃ አይወዱም፤ ሰላም ካላሉት አይበላም። ባለቤቱ ጡረታ የወጡ አዋላጅ ናቸው፤ የዚህን ሰፈር ግማሽ በእጃቸው ተቀብለዋል፤ እርስዎንም ጭምር ሊሆን ይችላል፣ ለማረጋገጥ በአካል መቅረብ ያስፈልግዎታል። ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ከአምስት ሳምንት በፊት መታጠቢያ ቤታቸው ውስጥ ወድቀው የዳሌ አጥንታቸው ተሰብሮ ሆስፒታል ተኝተዋል። በቃሬዛ ሲወጡ ለእህቴ የተናገሩት አንድ ነገር ነው፦ «ልጄ፣ እኔን ተዪኝና እሱን ያዢልኝ።»

የሐኪም ማስረጃ አመጣሁ። ማስረጃው መታመማቸውን እንጂ ውሻ ያላቸው መሆኑን ስለማያስረዳ ተመለሰ። ውክልና ልውሰድ አልኩ፤ ወካይዋ በአካል ይቅረቡ ተባልኩ። ሠራተኛ ወደ ሆስፒታል እንዲላክ ለመንኩ፤ ሆስፒታሉ በሌላ ጽሕፈት ቤት ክልል ውስጥ ነው። በመጨረሻ እርስዎ ዘንድ ገባሁ። አላባረሩኝም፤ ይህን ያለ ምጸት እመሰክራለሁ። ወንበር ሰጡኝ፣ መነጽርዎን አውልቀው ዓይንዎን አሹ፣ እንዲህም አሉኝ፦ «ወንድሜ፣ እኔስ ምን ላድርግ? ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ።» ከሁለቱ የትኛው እንደያዘን ግን አልነገሩኝም፤ እኔም ከአክብሮት የተነሣ አልጠየቅኩም።

ስድስተኛ። ባለፈው ዓርብ ረፋድ ላይ የመጡትን ሁለት የማቆያው ሠራተኞች በተመለከተ ምንም የምወቅሰው የለኝም። ጨዋዎች ናቸው። እህቴ ብርድ ልብሱን አጥፋ፣ ሳህኑን አጥባ፣ በትልልቅ ፊደል «ከምግብ በፊት ሰላም በሉት» ብላ ጽፋ ሰጠቻቸው። ጎልማሳው ወረቀቱን ተቀብሎ አነበበና «እትዬ፣ እኛ ጋ ሁሉም አንድ ዓይነት ነው» አላት፤ ግን አጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው። መቶ አለቃን አንሥተው መኪናቸው ላይ ለመጫን አስበው ነበር፤ አላስቸገራቸውም። ማሰሪያውን አንገቱ ላይ ሳደርግለት ሽርሽር መሰለው። ጅራቱን እየቆላ በዚያ ደካማ እግሩ ራሱ ወጣ፤ ከላይ ሆኖም እኔ እስክወጣ ዞሮ ጠበቀኝ።

ማቆያው የባዘነ ውሻ የሚይዘው ሰባት ቀን ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን ደንቡ በሦስት ቃል ይጨርሰዋል፦ «በሰብአዊ መንገድ ይወገዳል።» ሰባተኛው ቀን የፊታችን ዓርብ ይውላል። አዋላጇ ከሆስፒታል የሚወጡት ደግሞ ከዓርብ ቀጥሎ ባለው ማክሰኞ እንደሆነ ሐኪማቸው ቆርጦ ነግሮናል።

ሰባተኛና ስምንተኛ ምስጋናም ነበረኝ፤ ስለ አሳንሰሩና ስለ ፎቶኮፒው። ይቅሩ።

ክቡር ሆይ፣ ልመናዬ ይህ ነው። አራት ቀን ይስጡኝ። ፈቃዱ አይመለስ፤ ዝርዝሩ አይታረም፤ ውሃና ውበት እንደተጎራበቱ ይኑሩ። በሐሰት ስለሞላሁት መድረሻ ደንቡ የሚለውን ቅጣት ሁሉ ልቀበል። ከዓርብ እስከ ማክሰኞ ያለውን ብቻ፣ በእርሳስም ቢሆን፣ በዚያ ወረቀት ጥግ ላይ «ይቆይ» ብለው ይጻፉልኝ። ሦስት ፊደል ነው።

እንደማይጽፉት ግን አውቃለሁ። ክፉ ሰው ስለሆኑ አይደለም፤ ክፉ ቢሆኑማ ክፉን ሰው የሚያባብሉበት ዘዴ አይጠፋም ነበር። «ይቆይ» የሚል ሳጥን ስለሌለ ነው። ዓርብ ጠዋት አንድ ሰው ስም ዝርዝር ይዞ በማቆያው ኮሪደር ያልፋል፤ እርሱም የማንም ጠላት አይሆንም፤ ማታ ቤቱ ገብቶ እራቱን ይበላል። እኔም ይህን ጋዜጣ ላይ በማውጣቴ ብልህ የተባልኩ ይመስለኛል፤ አንባቢም ስለ ተሽከርካሪው ሲያነብ ይስቃል፤ ዓርብም ይመጣል።

ስለ ትዕግሥትዎ፣ ስለ ወንበሩ፣ ዓይንዎንም ስላሹ ደግሜ ደጋግሜ አመሰግንዎታለሁ፤

በመዝገብዎ የቁም እንስሳት አጓጓዥ፣
በሰፈሩ አጠራር የውሾቹ ሰውዬ፣
በእህቴ አጠራር ደግሞ «አንተ ቅጽ ሞይ» የተባልኩት፣
ከታላቅ አክብሮት ጋር፣ ምንጊዜም ታዛዥዎ።

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ለአዋላጇ መቶ አለቃ መወሰዱን አልነገርኳቸውም። ትናንትም ዛሬም በጥየቃ ሰዓት «በላ?» አሉኝ፤ በላ አልኳቸው። ጽሕፈት ቤት ቀርበው ውሻው የእርሳቸው መሆኑን መናገር እንደሚጠበቅባቸው ብቻ ነው የሚያውቁት። ይህን የነገርኳቸው ዕለት ስንተኛ ፎቅ ነው ብለው ጠይቀውኝ ነበር፤ ሦስተኛ፣ አሳንሰሩም አይሠራም አልኳቸው። ደረጃው ስንት እንደሆነ አስቆጥረውኛል፤ ሠላሳ ስምንት ነው። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ነርሷ ላይ ተደግፈው በሆስፒታሉ ደረጃ ይለማመዳሉ፤ ዛሬ አሥራ አራት ደርሰዋል፤ እስከ ማክሰኞ ሠላሳ ስምንቱን እንደሚጨርሱት ለነርሷ ምለውላታል። ስለዚህ ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ ልክ እንዳዘዙት፣ በአካል ይቀርባሉ። ወንበር እንዲያስቀርቡላቸው እለምናለሁ። የሚነገራቸውን ግን እርስዎ ይንገሯቸው፤ እኔ ሁለት ቀን ሞክሬ አቅቶኛል።